የሕፃናት ኢልቦለድ ጽሑፍና የንባብ ትምህርት፤ ከጣና ዳር ሲታይ

ስለ ሕፃናት ሥነ ጽሑፍ በአገራችን ውይይት በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ ወደ አፍ የሚመጣው ተረት ነው። እመት ጦጢትና አያ ጅቦ የሌሉበት የሕፃናት መጽሐፍ የሚኖር አይመስለንም። ይህ በራሱ የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም። ተረት የሕዝብ ጥበብ ጎተራ እንደ መሆኑ መጠን ለሕፃን አእምሮ የሚሰጠው ስንቅ ከፍተኛ ነው። የሚያስነቅፈው «ከተረት ቀጥሎስ ምን እናስነብባቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ መጥፋቱ ነው። ሕፃኑ ፀሐይ ለምን እንደምትጠልቅ፣ ዓሣ በውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ አባቱ የሚቀዝፈው ታንኳ ስለምን እንደማይሰጥም ሲጠይቅ ዕድሜውንና ቋንቋውን አገናዝቦ የሚመልስለት የአማርኛ መጽሐፍ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት ከስያሜው መነሣት ይቻላል። በሥነ ጽሑፍ ጥናታችን ተለምዶ የቆየው አከፋፈል ጽሑፍን «ልብ ወለድ» እና «ኢልቦለድ» ብሎ ለሁለት ይከፍላል። «ኢ» ከግእዝ የወረስነው አፍራሽ ቃል ነው። ስለሆነም ኢልቦለድ የሚለውን ስም ቃል በቃል ብንፈታው «ከልብ ያልተወለደ» የሚል ትርጉም ይሰጠናል። አንድን የጽሑፍ ዘርፍ በሆነው ሳይሆን ባልሆነው ስንጠራው ሳናስበው ፍርድ ሰጥተንበታል። ልብ ያለው ከተረትና ከልብ ወለድ ወገን እንደ ሆነ፣ ሌላው ግን የደረቀ የመረጃ ክምር እንደ ሆነ አድርገን ተቀብለናል። ጸሐፊው ከዘርፉ የሚሸሸው፣ መምህሩም ክፍል ውስጥ ይዞት የማይገባው በከፊል በዚህ የተነሣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነገሮችን መመርመር ነው። አንደኛው፣ ለሕፃናት የሚዘጋጅ ኢልቦለድ ጽሑፍ በንባብ ትምህርት ውስጥ ሊኖረው የሚገባው ስፍራ ነው። ሁለተኛው፣ እስካሁን የተጻፈው በይዘትም በቅርጽም የሚታይበት ጉድለትና የጉድለቱ መታረሚያ ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ ነው።

ድምፅና ትርጉም

የአገራችን የንባብ ትምህርት ረጅም ዕድሜ አለው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ሀሁን ይቆጥራል፤ አቡጊዳን ይለያል፤ ቀጥሎም መልእክተ ዮሐንስን ይዞ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ ያልፋል፤ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ አሳትመው ያሠራጩት የፊደል ገበታ ደግሞ ይህን የመጀመሪያ ደረጃ ከደብርና ከገዳም ደጅ አውጥቶ በየመንደሩ አዳርሶታል። የዚህ ሥርዓት ውለታ የሚካድ አይደለም። ጆሮን ያሠለጥናል፤ የማስታወስ ችሎታን ያጎለብታል፤ ለፊደል ክብር ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ሕፃኑ የሚያነበው ግእዝ ነው፤ የሚናገረው ግን አማርኛ ወይም ሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ድምፅን ያወጣል እንጂ ነገሩን አያገኘውም። ትርጓሜው የሚጠብቀው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም ለጥቂቶች ብቻ በተከፈተው በመጽሐፍ ቤት ነው። ንባብና ትርጓሜ በሁለት የተለያዩ ጉባኤያት፣ በሁለት የተለያዩ ዕድሜዎች ተለያይተው ኖረዋል ማለት ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ቋንቋውን ቢለውጥም ይህን ልማድ ሳያውቀው ወርሶታል። ዛሬም በብዙ ክፍል ውስጥ «አነበበ» የሚባለው ድምፁን ሳያደናቅፍ ያወጣ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋችንን አንድ ጠባይ ማስታወስ ይገባል። ፊደላችን እያንዳንዱን ድምፅ በታማኝነት የሚያሳይ በመሆኑ ገበታውን የለየ ልጅ በአጭር ጊዜ ውስጥ ማናቸውንም ቃል ሊጠራ የሚችል ይመስላል። ነገር ግን መጥበቅና መላላት በፊደሉ ላይ አይታዩም። «ዋና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ በውኃ ላይ መዋኘትን፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመውን ነገር ያመለክታል። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን መኖርን ያመለክታል። «ገና» እንኳ እንደ አጠራሩ የጊዜ መዘግየትንም በዓልንም ያመለክታል። አንባቢው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው ከፊደሉ ሳይሆን ከነገሩ ነው። ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ ትርጉሙን ሳይረዳ ድምፁን እንኳ አስተካክሎ ማውጣት አይችልም። በእኛ ቋንቋ ዕውቀት ከንባብ በኋላ የሚመጣ ትርፍ አይደለም፤ ከንባቡ ጋር አብሮ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ሐይቅን የማያውቅ ልጅ ስለ ሐይቅ የተጻፈውን ሲያነብ ቢሰናከል ምክንያቱ ፊደል አለማወቅ ላይሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በልዩ ልዩ ክልሎችና ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ያሳየው ውጤት ከዚህ አኳያ ሲታይ አሳሳቢ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ሕፃናት መካከል ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስለ ምንባቡ ከተጠየቁት ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ያልመለሱት ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጉ ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ልብ ሊባል ይገባዋል። ቃል ማንበብ ከቻሉት መካከልም ያነበቡት ነገር ያልገባቸው ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ለክፍሎች ቀርበዋል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ሆኖም መማሪያ መጽሐፍ ብቻውን አንባቢ አያወጣም፤ ከመማሪያው ጎን ሕፃኑ ወዶ የሚያነበው መጽሐፍ መኖር አለበት።

ከኋላችን ያለው ቅርስ

ለወጣት አንባቢ ዕውቀትን በሚጣፍጥ አማርኛ የማቅረብ ሙከራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ለብዙ ትውልድ የንባብ በር ከመክፈታቸውም በላይ «ታላላቅ ሰዎች» በተባለው መጽሐፋቸው የዓለምን ስመ ጥር ሰዎች ሕይወት ለኢትዮጵያዊ ወጣት አስተዋውቀዋል። ይህ ሁለተኛው ሥራቸው በሕፃናት ሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ የሚገባውን ያህል አልተመረመረም። እውነተኛ ታሪክ በውብ ቋንቋ ሊጻፍ እንደሚችል በተግባር ያሳየ ነውና። ከእርሳቸው በፊትም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ለልጆች ምክርን በመጻፍ ይታወቃሉ። ሆኖም የእነዚህ ደራስያን ዋና ዝንባሌ ግብረ ገብ ነበር፤ ወጣቱን መምከርና በታላላቆች አርአያ መቅረጽ። ሐይቁ፣ ነፍሳቱ፣ ዕፀዋቱ፣ የእጅ ሥራው በመጽሐፍ ውስጥ ቦታ አላገኙም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ሌላ ገጽታ አለው። ዘመቻው ደረጃ በደረጃ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። ፊደል ለለዩ ጎልማሶች የተዘጋጁት ተከታይ ንባቦች በአብዛኛው ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቤት አያያዝ የሚናገሩ ነበሩ። ልብ ብለን ብናየው የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በዚያን ጊዜ ለጎልማሳው ጀማሪ የዓለሙ ነገር ሲቀርብለት ለሕፃኑ ጀማሪ የቀረበለት በአመዛኙ ተረት ነበር። አባት ስለ አፈር መከላት ሲያነብ ልጅ ስለ ቀበሮ ብልጠት ያነብ ነበር። ልጁም እኮ አፈሩን በየቀኑ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል።

ለጎልማሶች የቀረበው ጽሑፍም ቢሆን ከእንከን የነጻ አልነበረም። ድምፁ በአመዛኙ የመመሪያ ድምፅ ነበር፤ ይህን አድርጉ፣ ያንን አታድርጉ። ምክንያቱን እየገለጠ ከማስረዳት ይልቅ ውጤቱን እንዲቀበሉ ያዝዛል። ትእዛዝ ደግሞ አንድ ጊዜ ይነበባል፤ ተመልሶ የሚያነበው የለም። ከዘመቻው በኋላ ፊደል ለይተው የነበሩ ብዙዎች መልሰው መርሳታቸው ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ ተመልሰው ሊያነቡት የሚናፍቁት ጽሑፍ ማጣታቸው አንዱ ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

የባሕር ዳር ከተማ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1972 በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ትብብር የተቋቋመውና በኋላ ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ እ.ኤ.አ. በ2000 ዩኒቨርሲቲ የሆነው የፔዳጎጂ አካዳሚ ከዓላማዎቹ አንዱ ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት፣ ለጎልማሶች ትምህርትና ለኅብረተሰብ ልማት የሚሠሩ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። መምህራንን የምታስተምር ከተማ በሐይቅ ዳር ተቀምጣ ስለ ሐይቁ ለሕፃናት የተጻፈ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ልታሳይ አለመቻሏ ግን ሊያሳስበን ይገባል።

በአንድ ክፍል ውስጥ የታየ

ይህ ጸሐፊ ከሹም አቦ ሰፈር ተነሥቶ የሐይቁን ዳርቻ ተከትሎ በሚያደርገው ጉዞ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍል ገብቶ ለመቀመጥ ዕድል አግኝቶ ነበር። የዕለቱ ምንባብ ስለ መጓጓዣ ዓይነቶች ነበር፤ ከዝርዝሩ ውስጥም ታንኳ አለበት። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ተነሥታ ምንባቡን ያለ አንዳች መሰናክል አነበበችው። መምህርቷ «ደንገል ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቋት ግን ዝም አለች። ክፍሉም ዝም አለ።

ከኋላ ረድፍ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። መምህርቷ በኋላ እንደ ነገሩኝ ይህ ልጅ በንባብ ከክፍሉ የመጨረሻ ከሚባሉት አንዱ ነበር። «ቲቸር፣ አያቴ ታንኳ ይሠራል» ብሎ ጀመረ። ደንገሉ የት እንደሚቆረጥ፣ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ፣ እርጥብ ሆኖ ቢታሰር ለምን እንደማይሆን፣ ጫፉ ወደ ላይ የሚቀለበሰው ስለምን እንደ ሆነ እየዘረዘረ ተናገረ። እጆቹ በአየር ላይ ያስሩ ነበር። ክፍሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠው። መምህርቷ አስተዋይ ነበሩና የተናገረውን በራሱ ቃል፣ አንዱንም ሳይለውጡ፣ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ ዘጠኝ ዐረፍተ ነገር ወጣው። «በል አሁን አንብበው» አሉት። ልጁ በዝግታ፣ ጣቱን እያስከተለ፣ እስከ መጨረሻው አነበበው።

በዚያች ሰዓት የሆነውን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ልጁ በአንድ ጊዜ ፊደል አላወቀም፤ ፊደሉን ከቀድሞም በከፊል ያውቀው ነበር። የጎደለው ፊደሉ የሚያገናኘው ነገር ነበር። የሚያውቀው ዓለም በጽሑፍ ሲመጣለት ዕውቀቱ የሚቀጥለውን ቃል አስገመተው፤ ግምቱም በፊደሉ ተረጋገጠለት። ጎበዟ ተማሪም ብትሆን ተጠቅማለች፤ ድምፁን ብቻ ይዛው የነበረው ቃል ያን ዕለት ትርጉም አገኘላት። «ደካማ» እና «ጎበዝ» የምንላቸው ስሞች ስንት ጊዜ የልጁን ችሎታ ሳይሆን የመጽሐፉን ድህነት ይለኩ ይሆን?

በተለይም ለረጅም ዘመን በሐይቁ ዳር ኖሮ በደንገል ሥራውና በዓሣ አስጋሪነቱ የሚታወቀውን፣ ብዙ ጊዜም ወደ ዳር የተገፋውን የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ስናስብ ነገሩ የፍትሕም ጥያቄ ይሆናል። የአባቶቹ ዕውቀት አንድ መስመር እንኳ በመጽሐፍ ተጽፎ ያላየ ልጅ፣ ዕውቀት ማለት የሌላ ሰው ንብረት ነው ብሎ ቢያምን ሊፈረድበት አይገባም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኔል ዱክ በቦስተን አካባቢ በ20 የአንደኛ ክፍሎች ያካሄደችውንና እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመችውን ጥናት መጥቀስ ይጠቅማል። ሕፃናቱ ስለ ተፈጥሮና ስለ ኅብረተሰብ መረጃ ከሚሰጥ ጽሑፍ ጋር በቀን የሚቆዩት በአማካይ 3.6 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በድሆች ሰፈር ባሉት ክፍሎች ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር። መጻሕፍት በተትረፈረፉበት አገር ነገሩ እንዲህ ከሆነ የእኛ ሁኔታ ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የቅርጽ ጥያቄ

«እንግዲያውስ ስለ ጣና ይጻፍ» ብሎ መደምደም ግን ጉዳዩን በግማሽ መተው ነው። ጥሩ ይዘት በመጥፎ ቅርጽ ሲቀርብ ልጁን ከመጽሐፉም ከሐይቁም ያርቀዋል። በመማሪያ መጻሕፍትና በጥቂቱ በሚታተሙት የሕፃናት ጽሑፎች ዘወትር የምናገኘውን አጻጻፍ ለማሳየት ያህል የሚከተለውን አቀናብረናል።

«ታንኳ የውኃ ላይ መጓጓዣ ነው። ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ታንኳ ለሰዎች ብዙ ጥቅም ይሰጣል። ስለዚህ ልጆች ታንኳን መንከባከብ አለብን።»

በዚህ ውስጥ ስሕተት የሆነ ዐረፍተ ነገር የለም። ሕይወት ያለው ዐረፍተ ነገርም የለም። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ልጁ የሚያውቀውን ይነግረዋል፤ ሦስተኛው ምንም አይነግረውም፤ አራተኛው ይመክረዋል። «ስለዚህ» የሚለው ቃል የገባው ምክንያትና ውጤትን ለማያያዝ ሳይሆን ስብከትን ለማስከተል ነው። አሁን ደግሞ ይህን እንመልከት።

«ደንገሉ ሲቆረጥ ውስጡን አይታችኋል? እንደ ስፖንጅ ነው። በጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች ውስጥ አየር አለ። ታንኳው እንዳይሰጥም የሚይዘው ይህ አየር ነው። ነገር ግን ቀን በቀን ውኃ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። አየሩ ይወጣል። ታንኳው ይከብዳል። ስለዚህ ባለ ታንኳው ከሐይቅ ሲመለስ ታንኳውን ዳር አውጥቶ በፀሐይ ያደርቀዋል።»

ሁለተኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው የሚለየው በርዝመቱ አይደለም። ነገሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይከብዳል፣ ያደርቃል። «ነገር ግን» እና «ስለዚህ» እውነተኛ ሥራ ይሠራሉ፤ ልጁ እነዚህን ማያያዣዎች በሥራ ላይ አይቶ ይማራቸዋል። ምክር የለበትም፤ ባለ ታንኳው የሚያደርገውን ያየ ልጅ ግን ታንኳን እንዴት እንደሚጠብቁት አውቋል። ከሁሉም በላይ አንድ ጥያቄ በልጁ አእምሮ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል፤ አየር ያለበት ሌላስ ምን ይንሳፈፋል?

የዐረፍተ ነገሩ አሠራርም ትኩረት ይሻል። አማርኛ ግሡን የሚያመጣው በመጨረሻ ነው። አዋቂ አንባቢ ሦስትና አራት ሐረግ በአእምሮው ተሸክሞ ግሡን ይጠብቃል፤ ጀማሪው ግን ግሡ ጋ ሳይደርስ መነሻውን ይረሳዋል። ለሕፃናት የሚጽፍ ደራሲ ግሡን ቶሎ ማድረስ አለበት። ይህ ማለት ግን ቋንቋን ማኮሰስ አይደለም። «ስፖንጅ» ወይም «ቀዳዳ» የሚለው ቃል የሚከብደውን ያህል «አመለሸሸ» የሚለው የአገር ቃል አይከብድም፤ አጠገቡ ያለው ዐረፍተ ነገር ከፈታው ከባድ ቃል ለልጁ ሀብት ነው። ለሳይንስ ቃላትም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የደከመበት ሥራ አለ። ከመዝገበ ቃላቱ በፊት ግን ዓሣ አስጋሪው፣ ገበሬውና ሸማኔው የሚጠሩበትን ስም መጠየቅ ይቀድማል።

ስለ ሥዕልም ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። በብዙዎቹ የሕፃናት መጻሕፍት ሥዕሉ ገጹን ለማስጌጥ የገባ ነው፤ ጽሑፉ ያላለውን ነገር አይናገርም። በዚህ ረገድ ሠዓሊዎቻችን ሩቅ መሄድ አይኖርባቸውም። በዘጌ ልሳነ ምድርና በጣና ደሴቶች ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች ትምህርት ናቸው። ከሥዕሎቹ አጠገብ የሚጻፈው የግእዝ መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ «ዘከመ» ብሎ ይጀምራል፤ «እንዴት እንደ ሆነ» ማለት ነው። ይህ አንድ ቃል ለሕፃናት ኢልቦለድ ሠዓሊ ከበቂ በላይ መመሪያ ነው። ዓሣው እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ደንገሉ እንዴት እንደሚታሰር፣ ውኃው ከግልገል ዓባይ ገብቶ እንዴት በዓባይ እንደሚወጣ ሥዕሉ ያሳይ፤ መግለጫው ያስረዳ። ልጁ ከሥዕል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ሥዕል ሲመላለስ ሁለት ጊዜ ያነባል።

ሐይቁ እንደ መጽሐፍ

ጣና ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ የሚሰጠው ርእስ ተቆጥሮ አያልቅም። ሁለቱን ብቻ እንጥቀስ።

በሐይቁ ውስጥ ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ በሳይንስ ስማቸው ላቤዮባርበስ የሚባሉ፣ ከ15 የማያንሱ፣ በሌላ በየትም ስፍራ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከየት መጡ? ለምንስ እዚህ ብቻ ቀሩ? ከመልሱ አንዱ ክፍል ልጁ በስም የሚያውቀው ጢስ ዓባይ ነው። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ አግዷል፤ ከላይ ያሉት ለብዙ ሺህ ዓመታት ተለይተው ኖረው በምግባቸውና በመኖሪያቸው መጠን ተለያዩ። ከእነዚህ ዝርያዎች የሚበዙት በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በዚያ ወቅት በወንዙ አፍ ላይ መረብ ቢዘረጋ የሚመጣውን ዓመት ዓሣ በዕንቁላሉ መያዝ ይሆናል። ይህን ያነበበ የዓሣ አስጋሪ ልጅ ማንም ሳይመክረው ከአባቱ ጋር የሚነጋገርበት ቁም ነገር አገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው እንቦጭ ነው። በጣና ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2011 የታወቀው ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨ አረም ሐምራዊ አበባው ያማረ፣ ሥራው ግን ያልተወደደ ነው። ግንዱ ቢሰነጠቅ ውስጡ አየር የያዘ ስፖንጅ ሆኖ ይገኛል። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ደንገልና ታንኳውን መንገድ የሚዘጋበት አረም የሚንሳፈፉት በአንድ ሕግ ነው። ምቹ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። እጥፍ መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ በቁጥር ማስተማር ይቻላል፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16። አባቶቹ በእጃቸው ሲነቅሉት ዓመት ቆጥረው አረሙ ለምን እንደማያልቅ ልጁ በዚህ ቁጥር ይረዳዋል። ንባብ፣ ሳይንስና ሒሳብ በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ጣናና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ኃላፊነቱን የሚረከበው ማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ ከዚህ ልጅ ሌላ ሰው አናገኝም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን። አንደኛው «ልጅ የሚወደው ተረት ነው፤ እውነታ ያደርቀዋል» የሚል ነው። ልጆች ተረት መውደዳቸው እውነት ነው። ነገር ግን «ለምን?» እያለ አዋቂን የሚያደክም ልጅ ያላየ ማን ነው? እውነታ ልጅን አያደርቀውም፤ የሚያደርቀው የደረቀ አጻጻፍ ነው። ተረትና እውነታ ጎን ለጎን ሲነበቡ ደግሞ አንዱ ለሌላው ያበድራል። ስለ ጅብ ተረት ከሰማ በኋላ ጅብ በመንጋ እንዴት እንደሚኖር ያነበበ ልጅ ተረቱን ፈጠራ፣ ጽሑፉን ማስረጃ ብሎ መለየት ይጀምራል። ይህን ልዩነት በሕፃንነቱ ያልተማረ ሰው አድጎም ወሬን ከዕውቀት ለመለየት ይቸገራል።

ሁለተኛው «መጽሐፍ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። የወረቀት ዋጋና የስርጭት ችግር ያንገላታናል፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ ደግሞ በርካታ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ በራቸውን ዘግተዋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2005 በሐዋሳ መጻሕፍት በአህያ በሚጎተት ጋሪ ወደ ሕፃናት መሄድ እንደሚችሉ ታይቷል። ከላይ ያየነው ክፍልም ያን ዕለት መጽሐፍ አልነበረውም፤ ጠመኔና አንድ የሚያውቅ ልጅ ግን ነበረው። ከሰሌዳው ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ተሰፋ ወረቀት የሚሸጋገር በተማሪዎች የተዘጋጀ መጽሐፍ ለጅምር በቂ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁ ቤቱ ይዞት የሚገባውም እንዲህ ያለው መጽሐፍ ነው።

ሦስተኛው «መምህሩ ይህን ሁሉ አያውቅም» የሚል ነው። መምህር ሁሉን ማወቅ አይጠበቅበትም። የጥንቱ የመጽሐፍ ቤት መምህር አንድን ቃል ከፈታ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍች ይጨምራል። ይህ የአንድምታ ስልት ለሕፃናት ክፍል ሊወረስ የሚገባው ሀብት ነው። ዐረፍተ ነገሩ ይነበባል፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ አንዱ ልጅ ይመልሳል፤ ሌላው «አንድም» ብሎ ይጨምራል፤ ከዚያም ማን ልክ እንደ ሆነ ወደ መጽሐፉ፣ ከተቻለም ወደ ሐይቁ ዳር ሄዶ ይታያል። የልዩነቱ ቁም ነገር ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ንባቡና ትርጓሜው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክፍል ተገናኙ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ለሦስት ወገኖች የቀረበ ነው። ደራስያንና ሠዓሊዎች የሕፃናትን ኢልቦለድ ለጀማሪ የሚተው ትርፍ ሥራ አድርገው ማየታቸውን ሊያቆሙ ይገባል። ስለ ታንኳ ስምንት እውነተኛ፣ ግልጽና ጣዕም ያላቸው ዐረፍተ ነገሮች መጻፍ ቀላል መስሎ የሚታየው ላልሞከረው ነው። መምህራን በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የልጆቹን ዕውቀት ወደ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳውም ወደ ንባብ ያምጡ፤ የአካባቢ ሳይንስና የቋንቋ ትምህርት በዚያች ሰዓት አንድ ይሁኑ። በየደረጃው ያሉ የባህልና የትምህርት ኃላፊዎች ደግሞ ውድድር ሲያዘጋጁ፣ ለኅትመት ገንዘብ ሲመድቡ፣ ቤተ መጻሕፍት ሲያደራጁ ከተረት ጎን ለዚህ ዘርፍ መደርደሪያ ይለዩ። ይህም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በክልሉ በሚሰጡት በአዊኛ፣ በኽምጣንኛና በኦሮምኛ ጭምር ነው።

ስለ ስሙም ቢሆን መልሰን ማሰብ ሳይኖርብን አይቀርም። ያ ልጅ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የራሱን ዘጠኝ ዐረፍተ ነገር ጣቱን እያስከተለ ሲያነብ የነበረበትን ሁኔታ ያየ ሰው «ይህ ከልብ ያልተወለደ ጽሑፍ ነው» ለማለት አይደፍርም። ክፍሉ ሲያበቃ ልጁ ሰሌዳውን እንዳያጠፉት መምህርቷን ለመናቸው። የቀጣዩ ፈረቃ ልጆች እስኪገቡ ድረስ ሳይጠፋ ቆየ።